ሁለተኛው አንባቢ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14 ቀን

ለምወድህና ላኮረፍከኝ ባለቤቴ፣

እንዴት ከርመሃል? አዲሱ መሥሪያ ቤት ተስማማህ? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ከጎረቤት ድመት ጋር እጨቃጨቃለሁ።

ሥራችን አንተ እንደተውከው ነው። በቻይና ባህላዊ ሕክምና ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ፍርድ የሚሰጡት ጽሑፎች፣ የመርፌውም የቅጠላ ቅጠሉም፣ ነጥብ እንድንሰጣቸው ጠረጴዛህ ላይ እንደተቆለሉ ነበሩ። እኔ የበኩሌን አንብቤ ጨርሻለሁ። ብዙዎቹ ያው የምታውቃቸው ናቸው፤ ደካማ ጥናት ከደካማ ጥናት ጋር ይደምሩና "መድኃኒቱ ፍቱን ነው" ይላሉ። ጥናቶቹን ሁለት ሰው ለየብቻ ያልመረመረባቸውን ሁሉ ያለ ርኅራኄ ነጥብ ቀንሼባቸዋለሁ።

ትናንት አለቃችን ደወሉ። ሁለተኛ አንባቢ እንደሌለኝ ነገርኳቸው።

"ታዲያ ምን ችግር አለው? ሁለት ሰው አንብቦታል ብለሽ ላኪው። ማን ቤትሽ መጥቶ ይቆጥራል?"

ቢመጣም ለመቁጠር አይደክምም፤ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

"ሌላውን የምጥልበትን ነገር ራሴ አላደርገውም" አልኳቸው።

"እንግዲያው እስከ ወሩ መጨረሻ ሰው ፈልጊ፤ አለዚያ ሥራውን ለሌሎች እሰጠዋለሁ።"

ግትር ነሽ የምትለኝ እውነትህን ነው። ስንት ዓመት የለፋንበት ሥራ ከእጄ ሊወጣ ነው፤ እኔ ግን ሌላ ሰው አልፈለግኩም።

ትዝ ይልሃል? አንተ መኝታ ቤት፣ እኔ ወጥ ቤት፣ በሩን ዘግተን፣ እስክንጨርስ አንድም ቃል ሳንለዋወጥ እናነብ ነበር። ከዚያ እራት ላይ ስንከራከር ምግቡ ይቀዘቅዛል። ያኔ ዝምታው አይከብደኝም ነበር፤ በሩ ማዶ ስታስል እሰማህ ነበር። አሁን ግን ጭር ሲል ሬዲዮ ከፍቼ ሳላዳምጥ እቀመጣለሁ። ናፍቀኸኛል።

ወረቀቶቹን ዛሬ በፖስታ ልኬልሃለሁ። የሰጠሁትን ነጥብ አልነግርህም፤ ደንቡን ታውቃለህ። አንብበህ እስክትጨርስ መነጋገር አይፈቀድልንም፤ ስለዚህ ኩርፊያህን መተው አይጠበቅብህም። ስትጨርስ ግን በተለያየንበት ሁሉ ቁጭ ብለን፣ አንድ በአንድ መነጋገር ግድ ነው። በስልክ አይሆንም። ይቺን ደንብ እንኳ ዛሬ ነው ያወጣኋት።

ጤናህን ይጠብቅልኝ፤ የያዝከው ሁሉ ይቃናልህ። አደራህን፣ ረጋ ብለህ አንብብ። እኔን ደስ ይበላት ብለህ ብቻ በሁሉም እንዳትስማማ።

ያንተው ግትር