ሮዝ ያልሆነው ውሃ

ለምወድዎት ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎ በረታ? ያ ክረምቱን ሙሉ ያስቸገረዎት ሳል ለቀቀዎት? ጋሼስ ዓይናቸውን ታዩ? እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ነው ከሥራ እንደገባሁ ሻርፔን ሳልፈታ ብዕር ያነሳሁት።

የውሃ ማጣሪያ ጣቢያውን ሳጸዳ፣ በየሁለት ሰዓቱ ከገንዳው መግቢያ በትንሽ ጠርሙስ ቀድቼ ዱቄት እንደምጨምርበት ጽፌልዎት ነበር፤ ውሃው ሮዝ ከሆነ ክሎሪን አለው፣ ካልሆነ የለውም። ባለፈው ወር ታዲያ ኮምፒውተሩ ሁሉን ያሳያል ተባለና የጠርሙሷ ነገር እንዲቀር ታዘዘ። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ስለሚያይ "ቆጣሪው" የምንለው የፈረቃ ኃላፊያችን፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ዱቄት አታባክኚ፤ ከሰኞ ጀምሮ መጥረጊያሽን ብቻ ያዢ" አለኝ። እሺ አልኩ፤ በቀረችኝ ዱቄት ግን መፈተሼን አልተውኩም።

የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል ደግሞ የት እንዳኖሩት ቢያዩ ይስቃሉ። ተረኛ ሲቀያየር እንዳይረሳ ብለው ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፈው ከበሩ ጎን ሰቅለውታል። ለሁሉም አንድ ቃል ነው፤ ጠጋኙም ጎብኚውም፣ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ያነበዋል። እኔም አቧራውን ስጠርግ ኖሬአለሁ።

አርብ ረፋዱ ላይ ውሃዬ ቀለም አልያዘም። ደገምኩት፣ ያው ነው። ኮምፒውተሩ ግን ክሎሪኑ ልክ ነው ይላል። ለቆጣሪው ብነግረው፣ "እና ኮምፒውተሩ ዋሸ ልትይኝ ነው?" አለ። "እሱማ ምን ያድርግ፣ የነገሩትን ይናገራል። በእጅህ ሞክረው" አልኩት። ሲሞክረው ፊቱ አመድ መሰለ። ሮጦ ወደ ከተማው የሚወስደውን ቧንቧ ዘጋ። እትዬ፣ ከዚያ ውሃ አንዲት ጣሳ ከግቢ አልወጣችም።

ተቆጣጣሪዎች መጥተው ሲመረምሩ፣ ለካ የማናውቀው ሰው ከሩቅ ሆኖ በዚያችው ቃል ገብቶ ክሎሪኑን አቋርጦ፣ ማሳያው ላይ የድሮውን ቁጥር ትቶልን ኖሯል። አንዷ ተቆጣጣሪ የየፍተሻውን ውጤት የጻፍኩባቸውን የአሥራ አንድ ዓመት ደብተሮቼን አገላብጣ፣ "ይህን ማን አስተማረሽ?" አለችኝ። "ስኳር የተጠቀለለበት ወረቀት" ብላት ቀልድ መስሏት ሳቀች። ከሱቅ የመጣውን ወረቀት ሁሉ እጥፋቱን እያቃኑ ያስቀመጡልኝ እርስዎ ነዎት፤ ፊደል የለየሁት በእሱ ነው።

ትናንት አዲሱ መመሪያ ሁላችንም ባለንበት ተነበበ። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል ይኖረዋል፤ ከውጭ ሆኖ ማሽኑን መንካት ቀርቷል፤ ኮምፒውተሩ ያለውን ቢልም ውሃው በየሁለት ሰዓቱ በእጅ ይፈተሻል። የፍተሻው ኃላፊ ማን ሆነ ይበሉኝ። የእርስዎው እህት። ቆጣሪው ራሱ ካርቶኑን አውርዶ፣ "እመቤቴ፣ እንዳሻሽ አድርጊው" ብሎ ሰጠኝ። ቀደድኩት። በዕድሜዬ የተጻፈ ነገር ስቀድ የመጀመሪያዬ ነው።

ጋሼን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ። ትልቋ ልጅዎ ፈተናው ቀናት ወይ? መንትዮቹን አገላብጠው ይሳሙልኝ። ለጎረቤትዎ ለልብስ ሰፊዋ፣ ቀሚሱ ልክ ሆኗል ይበሉልኝ፤ ትናንት የለበስኩት እሱን ነው።

የራሴን የይለፍ ቃልም መርጫለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከእርስዎ የደበቅሁት ነገር የለም። ይህን ግን አልነግርዎትም፤ መመሪያው አይፈቅድም።

ታናሽዎ
ከማጣሪያው ግቢ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ኅዳር 12 ቀን