ከፈላና በር በላይ አፋቸውን የከፈቱ ጉድጓዶች

ለተከበሩ የ«ከተማ ጥላ» የዛፍ ተከላ ድጋፍ ፈንድ ኃላፊ
ባሉበት

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ወለል የተስተካከለ፣ እንቅልፍዎም ከቤቱ በላይ ዳገት እንደሌለበት ሰው ሰላማዊ እንዲሆን ከነቤተሰቤ እመኛለሁ። ሙሰዕብ እባላለሁ፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስሆን፣ የሰፈራችንን የድጋፍ ማመልከቻ የጻፈችልዎት የናዝራ ታናሽ ወንድም ነኝ። ናዝራ ባለፈው ክረምት ስለሞተች ምስጋናውን ማድረስ በእኔ ላይ ወድቋል።

አንደኛ፣ ልምዳችንን ስለጠየቁን አመሰግናለሁ። ከቤቶቻችን በላይ ያለው ዳገት ዛፉ ተቆርጦ ካለቀ ወዲህ አፈሩ በየክረምቱ ወደ ጓሯችን ይወርዳል። ስለዚህ በሠርግና በለቅሶ የምንረዳዳበት ማኅበራችን፣ አፎቻው፣ ችግኝ እንዲሰጠው በናዝራ እጅ ባመለከተ ጊዜ፣ ቢሮዎ «በቁፋሮ ሥራ ያላችሁ ልምድ ይገለጽ» አለን። ናዝራም እየሳቀች «የሰፈሩን መቃብር የምንቆፍረው እኛው ነን» ብላ ጻፈች። እናታችን «ሰርዥው፣ ሟርት ነው» ብትላት «ኡሚ፣ እውነቱን ካልጻፍኩ ምን ልጻፍላቸው?» ብላ ተወችው። ልምዳችን በቂ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ማኅበረሰቡ ድርሻውን መወጣቱ እንዲታይ፣ ጉድጓዶቹ አስቀድመው እንዲቆፈሩ፣ ቡድንዎ መጥቶ እስኪያያቸውም እንዳይደፈኑ አዘዙ። ቆፈርን። ሽማግሌው ጎረቤታችን አው ዐብዱልመጂድ የአንዱን ጥልቀት በምርኩዛቸው ለክተው «ክፍት ጉድጓድ ሰው ይጠራል፤ ወይ ትከሉበት፣ ወይ ድፈኑት» አሉ። ናዝራም ደመና መሰብሰብ ሲጀምር ይህንኑ ለቢሮዎ በስልክ ነገረች። ያገኘችው መልስ አጭር ነበር፤ የተደፈነ ጉድጓድ እንዳልተቆፈረ ይቆጠራል።

ሦስተኛ፣ ችግኞቹ መምጣታቸውን አልክድም፤ እኛ ዘንድ አልመጡም እንጂ። በሌላው የከተማ በር፣ ከሸዋ በር ወዲያ፣ መኪና ለማቆምና ፎቶ ለማንሳት በሚመች ሜዳ ላይ፣ ባነር ተሰቅሎ፣ ሥሮቻቸው የታሰሩበት ፕላስቲክ እንኳ ሳይወልቅ ተተከሉ። ኮፍያ አድርገው ውሃ ሲያጠጡ የተነሱት ፎቶ እጅግ ያምርብዎታል። ፍየሎቹ ፎቶው ላይ የሉም፤ እነሱ የመጡት እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው።

አራተኛውን በአጭሩ ልጻፈው። ዝናቡ ገባ። ጉድጓዶቹ ሞሉ፣ ዳገቱም ያን ሁሉ ውሃ ጠጣ። ናዝራ ውሃው በጎን እንዲፈስ ቦይ ልትቀድለት ዶማ ይዛ ወጣች፤ ጉድጓዶቹን ግን አልደፈነችም፣ የሰፈሩ አደራ ነበረባት። አካፋ ይዤ ስከተላት «አንተ ተመለስ፣ የነሐዲያን ልጆች አስወጣ» አለችኝ፤ ሐዲያ ከዳገቱ ሥር የምትኖር ጎረቤታችን ናት። የመጨረሻውን ልጅ አቅፌ ከደጁ እንደወጣሁ ዳገቱ ወረደ። ያ የጠየቁን ልምድ በዚያው ቀን ሁለት ጊዜ አገልግሏል፤ መጀመሪያ ልናወጣት፣ ቀጥሎ ልንቀብራት።

በስሟ የላኩልን የምስጋና ምስክር ወረቀት ደርሶናል። ለእናቴ ሳነብላት እስከ መጨረሻው ሰማችና «ችግኝስ አብረው ልከዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን እንዳለ አስተላልፌያለሁ።

አሁን ክረምቱ ዳግመኛ እየቀረበ ነው። የቀሩት ጉድጓዶች እንደተከፈቱ ናቸው፤ ጉዳያችን «በሂደት ላይ» ስለሆነ መንካት በሕግ እንደሚያስቀጣ የሚናገረው ታፔላዎም አጠገባቸው ቆሟል። ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው የሚሄድ ስንጥቅ ወጥቷል፤ በረመዳን እጄ ይገባበት ነበር፣ ዛሬ እግሬ ይገባል። በዚያ መመላለስ የለመዱት ጅቦች እንኳ መንገድ ቀይረዋል። ሐዲያ ልጆቿን ጫማቸውን ሳያወልቁ ታስተኛለች። ከስንጥቁ በታች ያለን ሰዎች ስለ ዝናብ እንደ ዘመድ መርዶ በሹክሹክታ ነው የምናወራው።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት አስታውቅዎታለሁ፦ በመጪው ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ አፎቻው መሣሪያውን ይዞ ይወጣል። ናዝራ በወተት ጣሳ ያፈላቻቸው የወይራ ችግኞች ጓሯችን ውስጥ አሉ፤ እስኪያልቁ እንተክላቸዋለን፣ የቀረውን ጉድጓድ እንደፍናለን። ዳገቱ ይታገሰን እንደሆነ አላውቅም። ታፔላዎን በክብር ነቅለን ቢሮዎ ድረስ እናመጣለን። ለመክሰስ ቢያስቡ ስማችንን በሙሉ እናስመዘግባለን፤ ዝናቡ ከቀደመዎት ግን የምናስመዘግበው የሟቾቻችንን ይሆናል።

መመሪያዎን እስከ መጨረሻው ያከበረችው የናዝራ ወንድም፣ ለቸርነትዎ ዘወትር ቀና ብዬ ዳገቱን የምመለከተው፣
ሙሰዕብ
ከፈላና በር

ማሳሰቢያ፦ ቡድንዎ ባለፈው ሳምንት መጥቶ፣ ከአስፋልቱ ላይ ሆኖ ተመልክቶ፣ ጉድጓዶቹ በማመልከቻው ከተጻፈው ያንሳሉ ብሎ ሄዷል። ልክ ነው፤ የጎደሉት ከናዝራ ጋር ወርደዋል። በምትካቸው መቃብር ስፍራው ውስጥ አንድ አለን። ጥልቀቱ ምንም አይወጣለትም፤ ነገር ግን ተደፍኗልና፣ በመመሪያዎ መሠረት እንዳልተቆፈረ ይቆጠራል።