የሐር ትሎቹ ሞትና የሰገነት መሄድ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለዮሴፍ፤

ሰላምታዬ ተራራውንና ባሕሩን አቋርጦ ካለህበት ይድረስህ። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ያ ጎንህን የሚወጋህ ነገር ተሻለህ? ሱቅህ ያለበት ሰፈርስ ሰላም ነው? በዚያ በደቡብ አፍሪካ የእኛን ልጆች ሱቅ ዘረፉ ሲባል በሰማን ቁጥር እማዬ እህል አይወርድላትም። ብርዱስ አለፈልህ? የሚያበስልልህ ሰው አገኘህ ወይስ አሁንም ዳቦና ሻይ ነው? እኛ ለሥጋችን ደህና ነን፤ ጌታ ይመስገን። የዘንድሮው ክረምት መልካም ነበር። ቦይናው በሰፊ ቅጠሉ ጓሮውን ሞልቶታል፤ እንሰቱም አላሳፈረንም። ቡሬዋ ላም ጥጃ ወልዳለች።

ወንድሜ፣ ስትደውል እማዬ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ መስመሩም ይቆራረጣል። አንተ "ሰገነትን አገናኙኝ" ባልክ ቁጥር እኛ ገበያ ሄዳለች፣ ጸሎት ላይ ናት እያልን ቆየን። ከእንግዲህ ግን አልቻልኩም። ወደ አንተ አገር የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ ይህን ጻፍኩልህ። ሰገነት ከእኛ ጋር የለችም። አትደንግጥ፤ በሕይወት አለች፤ ልጃችሁ ሩትም ደህና ናት። ቤሌ ናቸው፣ የሰገነት አክስት ዘንድ። እንዴት እንደሄደች ከባዕድ አፍ ከምትሰማው ከእህትህ ስማው።

እኔና ሰገነት የሐር ትል ከሚያረቡት ሴቶች ማኅበር መግባታችንን ታውቃለህ። ሥራው ምን እንደሚመስል ግን አላስረዳሁህም። ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ትሎቹን በመደርደሪያ ላይ እናሳድጋለን፤ ምግባቸው የጉሎ ቅጠል ነው። ጠግበው ሲያድጉ ሐሩን በላያቸው ላይ ያጠነጥኑና ድብልብል ሆነው ይተኛሉ። እሱን ኮኩን ይሉታል። አብዛኛው ለፈታዮች ይሄዳል፤ የተመረጠው ለዘር ይቀራል፤ ከእሱ ቢራቢሮ ይወጣና እንቁላል ይጥላል።

ያስተማረን ደገፉ የሚባል የግብርና ባለሙያ ነው። ትል በቤት ሲረባ እንደ ዱር አይደለም ይለን ነበር። በዱር ደካማው በራሱ ጊዜ ይሞታል፤ በቤት ግን እኛው እየመገብን እናቆየዋለን፣ ልጆቹም እንደ እሱ ደካማ ይሆናሉ። ስለዚህ ለዘር ትልልቁንና ጠንካራውን ኮኩን ብቻ እንድናስቀር፣ ዘሩ እርስ በርሱ ብቻ እየተራባ እንዳይደክምም አልፎ አልፎ ከሌላ ቦታ እንቁላል አምጥተን እንድንቀላቅል አዘዘን። ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቀው ለአንድ ነገር ነበር። እያንዳንዷ እናት ቢራቢሮ ለብቻዋ በኩባያ ተከድና እንቁላሏን ትጥላለች፤ ከዚያ እሷን ፈጭቶ በማይክሮስኮፕ ያያታል። በሽታ ከተገኘባት እንቁላሏ ይቃጠላል፤ በሽታው ከእናት ወደ እንቁላል ያልፋልና።

እንዲህ እየተጠነቀቅን ሁለት ዓመት ያህል ሠራን፤ ሐራችንም ስም አወጣ። ከዚያ ደገፉ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ፤ ማይክሮስኮፑም አብሮት ሄደ። በዚያው ሰሞን ቤሌ አካባቢ አዳዲስ ማኅበራት ስለተቋቋሙ ከእኛ ብዙ እንቁላል ተጠየቀ። ሊቀመንበራችን ወይዘሮ ሰብለ፣ ያቺ ድሮ መዘምራኑን ትመራ የነበረችው፣ "የሚጠብቀን ሰው ብዙ ነው፤ ትንሹም ትልቁም ኮኩን ለዘር ይቀመጥ" አለች። ሁላችንም እሺ አልን፤ ሰገነትም እኔም። ኩባያዎቹ ታጥበው ጥግ ተቆለሉ፤ ቢራቢሮዎቹ በአንድ ሰፌድ ላይ ተቀላቅለው እንቁላል መጣል ጀመሩ።

መጀመሪያ ትሎቹ እኩል ማደግ አቆሙ። በአንድ ቀን ከተፈለፈሉት ውስጥ አንዱ እንደ ጣት ሲወፍር ሌላው እንደ ክር ቀጥኖ ይቀራል። ቢራቢሮዎቹ ክንፋቸው ተጨማዶ ይወጣል። ቆየት ብሎ በትሎቹ ገላ ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ታየ፤ ቅጠልም እምቢ አሉ። አንድ ጠዋት በሩን ስንከፍት ሽታው ወደ ኋላ መለሰን። መደርደሪያው ሙሉ ጠቁሮ ሞቷል። ያን ሳምንት ቅጠል የማብላት ተራው የሰገነት ነበር።

ስታገባት የተባለውን አትረሳውም። ከሸክላ ሠሪ፣ ከቺናሻ ቤት ናትና "ቺናሻ አምጥቶ ደማችንን ቀላቀለ" ብለው ከአጎቶቻችን አንዱም ሰርግህ ላይ አልተገኘም። በቤተ ክርስቲያን ሁላችን አንድ ነን እያልን እንዘምራለን፤ በማኅበሩ ውስጥ ግን የሰገነት የውሃ መጠጫ ለብቻው ነበር። እሷም አይታ እንዳላየች ታልፈው ነበር። ትሉ ሲሞት ያ የተዳፈነው ነገር ሁሉ ተነሣ። "ዓይኗ ነው የበላቸው" ተባለ። በስብሰባ ላይ ወይዘሮ ሰብለ፣ "እኔ ማንንም አልወነጅልም፤ ግን በማን ተራ እንደሞቱ ሁላችሁም ታውቃላችሁ" አለች። እኔ ተነሥቼ፣ ሰገነት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብራን እንደነበረች፣ በእጇም ስንት ጊዜ ትል እንዳደገ ብናገር፣ "የወንድምሽ ሚስት ስለሆነች ነው" ብለው አስቀመጡኝ።

በማግስቱ ሰገነት ለተረፉት ትሎች ቅጠል ይዛ ስትመጣ በር ላይ አቆሟት። "እሺ፣ ቅጠሉን ተቀበሉኝና ልሂድ" አለች። የሚቀበላት ጠፋ። ቅጠሉን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን እድር ደረሰ። "ያቺን ሴት በቤታችሁ ካኖራችሁ ሬሳችሁን የሚያነሣ አይኖርም" ብለው ለእማዬ ላኩባት። እማዬን ታውቃታለህ፤ ከሞቱ ይልቅ ሰው የሌለበት ቀብር ያስፈራታል። ከብዙ ቀን በኋላ ሰገነትን ጠርታ፣ "ልጄ፣ እኔ ክፉ አላየሁብሽም። ግን ስሞት እንደ ውሻ መጣሉን አልችለውም። ሩትን ተዪልኝና ወደ ዘመዶችሽ ሂጂልኝ" አለቻት። እኔ ጮህኩ፣ አለቀስኩ። ሰገነት አላለቀሰችም። የሩትን ልብስ በፌስታል ቋጠረችና፣ "እማማ፣ ልጄን ለማን ልተዋት? ነገ እሷንም የእናቷ ልጅ ናት ይሏታል" አለች። የእማዬን ጉልበት ስማ ወጣች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ሩት ሽርሽር የምትሄድ መስሏት በመስኮት እጇን ታወዛውዝልኝ ነበር።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ደገፉ ስለ ትሎቹ ሞት ሰምቶ መጣ። የሞቱትንም የተረፈውንም እንቁላል ወስዶ አስመረመረ። ከዚያ ሰብስቦን፣ "በሽታው በእንቁላሉ ውስጥ የነበረ ነው። እናቶቹ ሳይመረመሩ ስለቀሩ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየበዛ መጣ። ቤሌ የላካችሁትም እንቁላል ተፈልፍሎ እንዲሁ አልቋል፤ እዚያ ማን ዓይኑን ጣለበት?" አለን። ያ ሁሉ ሲሆን የሰገነት እግር ገና ቤሌ አልረገጠም ነበር። ወይዘሮ ሰብለ አንገቷን ደፋች። የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ባዳቾ ጌታ ይቅር ይበለን ብለው ጸለዩ፤ ሁሉም አሜን አለ። ከዚያ ወዲያው ስለ አዲሱ እንቁላል ንግግር ተጀመረ። እኔ ሰገነትን እንመልሳት ስል "ቀስ በይ፤ መጀመሪያ ሰዉ ይርገብ" አሉኝ።

ሰዉ እስካሁን አልረገበም። ቤቱ ግን በኖራ ተለቅልቋል፤ አሮጌው ሰፌድ ተቃጥሏል፤ ማይክሮስኮፑም ተመልሷል። አሁን የአንዲት ቢራቢሮ እንቁላል እንኳ እናቲቱ ሳትመረመር አይቃጠልም። እኔ ሥራውን ትቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቤሌ ሄጄ ነበር። ሰገነት ከአክስቷ ጋር ጀበናና ገንቦ እየሠራች ነው። ከስታለች፤ እጇ ተሰነጣጥቋል። የደገፉን ቃል አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ሰማችኝና፣ "እማማ ይህን ሰምታለች?" አለችኝ። ሰምታለች አልኳት። "ምን አለች?" ብላ ጠየቀችኝ። ወንድሜ፣ ይህን እንዴት ልንገራት? እማዬ ምርመራውን ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ሰገነት ወደ ጭቃዋ ተመለሰች።

ምን ማድረግ እንዳለብህ አልነግርህም። ግን ሽማግሌ ልኬ አስታርቃለሁ ብለህ እንዳትደክም፤ ሽማግሌዎቹ እነዚያው የእድሩ ሰዎች ናቸው። ከቤሌ መናኸሪያ ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ስልክ አለው፤ ቁጥሩን ከጀርባ ጽፌዋለሁ። እሁድ ከሰዓት ብትደውል ሰገነትን ይጠሩልሃል። እማዬን ደግሞ አትቆጣት። ምግብ ትታለች፤ ማታ ማታ የሩትን ስም ስትጠራ እሰማታለሁ።

ባለቤቴ አንጁሎ፣ በርታ፣ ጤናህን ጠብቅ ብሎሃል። ልጆቼ አሮንና ሚስጥር አጎታችንን ሳሚልን ብለዋል። እማዬ ይህን መጻፌን ባታውቅም ሁልጊዜ እንደምትለው ዕድሜዬን ለአንተ ያድርገው ትላለች። ሩት "ለአባዬ ጥርሴ ወለቀ በይው፤ አዲሱ ሳይወጣ ይምጣና ይየው" ብላሃለች። ሰገነትን ምን ልበልልሽ ብዬ ሁለቴ ጠየቅኋት። ቀና ብላ አየችኝና የጀመረችውን ጀበና ማለስለስ ቀጠለች።

እህትህ አሳየሽ
ወላይታ ሶዶ፣ ኅዳር 1999 ዓ.ም.