መስመሩ አቋረጠ እንጂ አልተቋረጠም

ለተከበሩ የንድፍ ቢሯችን ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ሰው ላይ ሲጠቁም የማይዝለው ጣትዎ ደኅና እንዲሆኑልኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከሥራ ካሰናበቱኝ ወዲህ እንቅልፌን እየጠገብኩ ስለሆነ ስለ እኔ አያስቡ፤ አስበውም ስለማያውቁ አይቸገሩም።

በአደባባይ የምጽፍልዎ ያዋረዱኝም በአደባባይ ስለነበር ነው። ብድር በምድር ይባል የለ? እንግዲህ ምስጋናዬን በየተራው ላቅርብ።

አንደኛ፣ ለክሊኒኩ ሕንፃ በኮምፒውተር የሠራሁት ጠመዝማዛ ደረጃ፣ ቁመትና ስፋቱን ሲነግሩት ቀሪውን ራሱ አስልቶ የሚያስተካክል ብልህ ነገር ነበር። ክቡርነትዎ ሳያማክሩኝ የፎቁን ከፍታ ጨመሩለት፣ ቦታውን ደግሞ አጠበቡበት። ደረጃው እንደታዘዘው ሊሆን ሞከረ፤ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ግን የእጅ መደገፊያው መስመር እንደ ጫማ ማሰሪያ ራሱ ላይ ተጠላለፈ፣ ፕሮግራሙም ከዚህ ምንም ቅርጽ አይወጣም ብሎ መደገፊያውን እዚያ ጋ ሳይሠራው ቀረ። እኔም ወዲያውኑ «የደረጃው መስመር ራሱን አቋርጧል» ብዬ ጻፍኩልዎ። መፍትሔው መታጠፊያውን ትንሽ ሰፋ ማድረግ ብቻ ነበር።

ሁለተኛ፣ ለፈጣን ምላሽዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «መስመር» እና «አቋርጧል» የሚሉትን ሁለት ቃላት እንዳዩ የኢንተርኔት ሠራተኛ አስጠሩ። ምስኪኑ ሰውዬ ጠረጴዛዬ ሥር ገብቶ ገመድ ሲቀይር ዋለ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። አቧራውን እያራገፈ ሲወጣም «እትዬ፣ መስመሩ እኮ ምንም አልሆነም» አለኝ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ መስመር ሥዕል ላይም እንዳለ፣ አቋረጠ ማለትም ተሻገረ ማለት እንደሚሆን ላስረዳዎ ብሞክር «ደግሞ ቋንቋ አስተማሪ ሆንሽ?» ብለው ከቢሮዎ አስወጡኝ። የፕሮግራሙ ማስጠንቀቂያ ስክሪኑ ላይ እንደገና ብቅ ሲል በገዛ እጅዎ «ዳግመኛ አታሳየኝ» የሚለውን ተጭነው ችግሩ ተፈታ አሉ። እንዲህ ያለ አፈታት እኔ በተማርኩበት ቤት አይሰጥም ነበር።

ሦስተኛ፣ ብረት ሠሪው በንድፉ የታየውን ብቻ ሠራ። መደገፊያው መታጠፊያው ጋ ያበቃል፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ይጀምራል፤ መሐል ላይ ሰው ክንፍ ያወጣል ተብሎ ታስቦ መሆን አለበት። የሕንፃው ባለቤት እናታቸውን ሊያስጎበኙ ይዘው የመጡ ዕለት፣ አሮጊቷ መደገፊያውን ተማምነው ሲታጠፉ እጃቸው አየር ጨበጠ። ልጃቸው በክንዳቸው ባይዟቸው ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር በሆነ። ክቡርነትዎ ግን አሮጊቷ ትንፋሻቸው ሳይመለስ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «እሷ ናት የሣለችው!» ብለው ጠቆሙብኝ። የእምዬን ወደ አብዬ ልክክ! በማግስቱ ከሥራ ወጣሁ፤ ስሜም «ያቺ ሰው ልትገድል የነበረችው ነዳፊ» ሆኖ በየቢሮው ዞረ።

ቂም ይዣለሁ፣ አልደብቅም። እናቴ «ተይው ልጄ፣ ለፈጣሪ ስጪው» ትለኛለች። ፈጣሪ ሥራ ስለሚበዛበት ይህችን እንኳ እኔው ልያዝለት ብያለሁ።

በሕይወት ዘመንዎ የሚወጡበት ደረጃ ሁሉ በእርስዎ ትእዛዝ የተሠራ እንዲሆንልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ውለታዎን የማትረሳው የቀድሞዋ ነዳፊዎ

ማስታወሻ፦ የሕንፃው ባለቤት ነገሩን ጠይቀውኝ አስረዳኋቸው፤ አደጋው የመጣው በእናታቸው ላይ ስለነበር ቶሎ ገባቸው። ለሁለተኛው ሕንፃቸውም ተቆጣጣሪ አድርገው ቀጥረውኛልና ከእንግዲህ ከቢሮዎ የሚወጣ ንድፍ ያለ እኔ ፊርማ ወደ ግንባታ አይሄድም። ትናንት የላኩልኝን አይቼ መልሼዋለሁ። ምክንያቱን ማወቅ ከፈለጉ በአካል ቀርበው ወረፋ ይያዙ፤ ለእርስዎ ስል ኮሪደሩ ላይ ወንበር አስቀምጫለሁ።