ስለ ባለቤቴ ግራ ጉልበት

ለተከበሩ ዶክተር ሀብተሥላሴ
የጉልበት ሕሙማን አካሄድ ጥናት አስተባባሪ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ለእርስዎና ለመላው የጥናት ቡድንዎ ሙሉ ጤና፣ ከጤናም ለይቼ ደረጃ መውጣት የማያቅተው ጉልበት እመኛለሁ። እኔ የወለቃ ሸክላ ሠሪ፣ በጥናትዎ ተራ ቁጥር አሥራ አራት ላይ የተመዘገበው የአቶ ቻላቸው ሚስት ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ ያወጣሁት ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ስለሚባል ነው፤ ደግሞም ለብቻዎ ብጽፍልዎ ኖሮ ምስጋናዬ ታፍኖ ይቀር ነበር።

አንደኛ፣ ስለ ምዝገባው አመሰግናለሁ። ባልና ሚስት የታመመ ጉልበታችንን ይዘን አብረን ነበር የመጣነው፤ እሱ ቀኙን፣ እኔ ግራዬን። መዝጋቢዎ ኤልሳ፣ መቼም ሸጋ ልጅ ናት፣ «አባባ፣ ብዙ ይሄዳሉ?» ብላ ስትጠይቀው፣ በጥበቃ ሥራው ዘመን ከአዘዞ እስከ ፒያሳ በእግሩ ስለተመላለሰባቸው ዓመታት ሲተርክላት ቆየ። ያንኑ ለእኔ ስትደግመው «ምነው ልጄ፣ የት እሄዳለሁ? እኔ የትም አልሄድ» አልኳት። በእኛ ሰፈር ብዙ እሄዳለሁ የምትል ባለትዳር ምን ተብላ እንደምትታማ ለልጅቱ ማስረዳት አስፈላጊ አልመሰለኝም። እሷም በቅጹ ላይ «አትሄድም» ብላ ጻፈች፤ ቅጹን ያየው ሐኪም ደግሞ መራመድ የማትችል ብሎ ከጥናቱ አስወጣኝ። ከወለቃ በእግሬ መጥቼ ነበር፤ በእግሬ ተመለስኩ።

ሁለተኛ፣ ስለ መሣሪያዎቹ። ቡድንዎ የክብሪት ቀፎ የሚያህሉ ሁለት ሴንሰሮች በሁለቱም የባሌ ቅልጥሞች ላይ አስሮ፣ ሰባት ቀን ሙሉ እርምጃው እንዲቆጠር፣ የትኛው እግሩ እንደሚያነክስም እንዲታወቅ ወደ ቤት ሰደደው። ያን ዕለት ከባጃጅ ሲወርድ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ነበር። ጎረቤታችን ይመኙሽ ከቤቷ ወጥታ «አያ ቻላቸው፣ ይህን ሁሉ ለአንተ?» አለችው፤ እሱም ቀስ ብሎ ዞሮ አሳያት። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ አልዋሽዎትም፣ ቀናሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር በሴት ቀንቼበት አላውቅም፤ በጉልበቱ ግን እህል እስኪያስጠላኝ ቀናሁበት። የእኔ ጉልበት የሸክላ አፈር ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ፣ ማሰሮውን አስፋልት ዳር አድርሶ ሲመለስ፣ ደግሞ ውሃ ሲቀዳ፣ እንኳን መሣሪያ ሊያስርለት አመመሽ ወይ ያለው የለም።

ሦስተኛ፣ ኤልሳ በየጠዋቱ ደውላ እንዴት አደሩ፣ እንዴትስ ተራመዱ ስለምትለው። እሱም መደብ ላይ እንደተጋደመ በርትቻለሁ ይላታል።

አራተኛውና ዋናው የውጤቱ ነገር ነው። በየቀኑ አሥራ አንድ ሺህ እርምጃ፣ አብዛኛው ዳገት፣ ጎህ ሲቀድ የሚጀምር ሆኖ ተገኘና ከሕሙማኑ ሁሉ አንደኛ ወጣ፤ ቡድንዎም ቆሞ አጨበጨበለት አሉ። ነገር ግን ግራ እግሩ ክፉኛ ስለሚያነክስ፣ የጉልበቱ አንጓ ጨርሶ ሳይበላ ሕክምና እንዲጀምር ለፊታችን ማክሰኞ ተቀጠረ። እኔ ሚስቱ የማውቀው የሚያመው ቀኙ መሆኑን ነው፤ ቢሆንም ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሴት ከሳይንስ ጋር አትከራከርም። እሱም ቢሆን አልተከራከረም። መሣሪያው ከእኔ ይበልጥ ያውቃል ብሎ፣ ከተቀጠረበት ቀን ወዲህ በግራው ማነከስ ጀምሯል።

ስለዚህ ሁሉ ድካምዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወላጆቼ ስሜን ሲያወጡ አንድ ቀን የሚጠይቀኝ ሰው ይመጣል ብለው አስበው ይሆናል፤ እስከ ዛሬ ግን የጠየቀኝ የለም፤ በእርስዎም አልፈርድም።

የጥናትዎ ወዳጅ፣ ተራ ቁጥር የሌላት፣ በመዝገብዎ መሠረት የማትሄደው፣
የትነበርሽ ሰጠኝ
ከወለቃ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ባሌ ሴንሰሮቹን በመጀመሪያው ምሽት አሳከከኝ ብሎ ፈትቶ ግድግዳ ላይ ሰቀላቸው፤ እዚያው ረሳቸው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቀሚሴን ገለጥ አድርጌ በገዛ ቅልጥሞቼ ላይ አሰርኳቸው፤ በሰባተኛው ቀንም ወደ ቦታቸው መለስኳቸው። አሥራ አንድ ሺሁም እርምጃ፣ ያነከሰውም ግራ እግር የእኔ ነው። እባክዎ ቀጠሮው እንዳይሰረዝ፤ ማክሰኞ የጉልበቱ ባለቤት በእግሯ ትመጣለች።