ከኩሽናችን መስኮት ስለተነሳው ፎቶ

ለተከበሩ የመዝናኛ ፓርኩ ግንባታ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ በሙሉ ጤንነት ላይ፣ በሁለት እግርዎ ጸንተው እንደቆሙ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ጤንነትዎን የምመኘው ለወጉ ያህል ብቻ አይደለም፤ በግቢዎ ውስጥ ደህና የነበረ ሰው በቆመበት ድንገት እንደሚወድቅ ከራስዎ መዝገብ ስለተረዳሁ ጭምር ነው።

እኔ ከፓርኩ አጥር ማዶ ባለው ሕንጻ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር የምኖር፣ በግንባታ ምህንድስና ከተመረቅሁ ስምንት ወር የሞላኝ ሥራ ፈላጊ ነኝ። ባለፈው ሳምንት እርስዎ፣ ምስጋና ይግባዎትና፣ ሥራ ሰጥተውኛል፤ መልሴንም እስከ ሰኞ እንደሚጠብቁ በደብዳቤ አሳውቀውኛል። መልሱን በአደባባይ ማድረጌን ይቅር ይበሉኝ። ወደ ቢሮዎ የገባ ነገር ሲወጣ ሌላ ሆኖ እንደሚወጣ አንድ ጊዜ ስላየሁ ነው። ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ለይቼ ማስቀመጥ ስላቃተኝ አንድ ላይ ቆጥሬያቸዋለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ክልከላው ላመሰግንዎ። ከአራት ወር በፊት በሕንጻችን ደረጃ ላይ ባስለጠፉት ማስታወቂያ፣ ግንባታውን ከየትኛውም አቅጣጫ፣ ከመኖሪያ ቤት መስኮትም ቢሆን፣ ፎቶ ማንሳት ክልክል መሆኑንና ምክንያቱም የጎብኚዎች ደስታ አስቀድሞ እንዳይበላሽ መሆኑን ገልጸውልናል። የጥበቃ ሠራተኛዎ በየበሩ እየዞሩ ሲያስፈርሙን፣ እናቴ ታዲያ ሽንኩርት ስከትፍ ዓይኔን ልጨፍን ወይ ብትላቸው፣ እሳቸው ፈገግ እንኳ ሳይሉ፣ እትዬ፣ ማየት ገና አልተከለከለም፣ እሱ በጥናት ላይ ነው ብለው መለሱላት። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ይህን ስለጻፍኩ እንዳይቆጧቸው አደራ።

ጥፋቴን አልክድም። ፈርሜም አንስቻለሁ። አምስት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያየሁት ምሰሶ እውነተኛ ሆኖ መስኮቴ ሥር ሲቆም ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም፤ በየጠዋቱ ከአንድ ቦታ እያነሳሁ፣ የትናንቱን ከዛሬው እያስተያየሁ፣ መምህሮቼ ያልነገሩኝን ብዙ ነገር ከእርስዎ ግቢ ተምሬያለሁ። ሌላም ምክንያት ነበረኝ። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ከእናቴ እኩል ያሳደገኝ አጎቴ፣ እዚያው እርስዎ ዘንድ በያጅ ነበር። ጠዋት ለሻይ ከመውረዱ በፊት የብየዳ መከለያውን ከፊቱ ላይ ገልብጦ ወደ መስኮታችን እጁን ያነሳል፤ እኔም ያን ጊዜ አነሳዋለሁ። ራት ላይ ስልኬን ተቀብሎ ራሱን እየፈለገ፣ ኢንጂነሯ፣ ይሄ እኔ ነኝ ወይስ መስታወቱ ላይ ያረፈች ትንኝ ናት ይለኝ ነበር። አንድ ማክሰኞ ራት ላይ፣ ነገ አራተኛው ምሰሶ ጫፍ ላይ ነኝ፣ እስቲ አንዴ እንኳ ሰው አስመስለሽ አንሺኝ አለኝ።

፪. በማግስቱ ሰው አስመስዬ አነሳሁት። ከዚያ ሲቪዬን በፌስታል ጠቅልዬ ሥራ ፍለጋ ወጣሁ። ከምሳ በፊት ስልኬ ጮኸ፤ የእናቴ ቁጥር ነበር፣ የሚያናግረኝ ግን ጎረቤት ነበር።

ለእኛ በሰጡን ቅጂ የዕለት ሥራ መዝገብዎ እንደሚለው አጎቴ ያን ቀን ምሰሶ ላይ ጨርሶ አልወጣም። በዋናው በር አጠገብ፣ መሬት ላይ፣ ብረት ሲቆርጥ «ባደረበት ሕመም ተዝለፍልፎ ወደቀ»። ቃሉን እንዳለ ነው የገለበጥኩት። ተዝለፍልፎ የሚለውን የመረጠው ባለሙያዎ ሊመሰገን ይገባል፤ ሰው ሲያነበው አጎቴ ትራስ ላይ የወደቀ ይመስለዋል። የሐኪሙ ወረቀት ግን እንዲህ ያለ ቋንቋ አይችልም፤ ሁለት እግር፣ ዳሌ፣ የጎድን አጥንት እያለ ይቆጥራል። ሊያስተዛዝኑን የመጡት ባልደረቦቹ ግድግዳውን ተጠግተው በመደዳ ተቀምጠው ጫማቸውን ሲያዩ ቆዩ። ከእነሱ አንዱ፣ የክሬን ሾፌሩ፣ ሲወጡ በሩ ላይ እጄን ይዘው፣ ልጄ፣ እኛም ቤተሰብ አለን አሉኝ። እኔ ምንም አልጠየቅኳቸውም ነበር።

፫. ስለ ሸራው። አጎቴ በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ከአጥሩ እስከ አራተኛው ምሰሶ ራስ የሚደርስ ግዙፍ ሸራ ስላሰቀሉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አቧራውን ቀንሶልናል። ሸራው ላይ ያለቀለት ፓርክ ታትሟል፤ ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ ልጆቹ ሁሉ ጥርሳቸው ሙሉ ነው፣ የመዝናኛ ባቡሩም በምሰሶዎቹ ላይ በተዘረጋው ሐዲድ ሰው ጭኖ ሽቅብ ይወጣል። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ፣ ቀይ ሹራብ የለበሰ ሰውዬ፣ ቀኝ እጁን ወደ ላይ አንስቷል። ከኩሽናችን ሲታይ ያ እጅ ያለው አጎቴ ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ነው። ለክቼዋለሁ፤ የተማርኩት ለዚህ አይደል። ነፋስ ሲነሳ ሸራው እንደሚተነፍስ ሰው ይነፋል፣ ይሟሽሻል፤ እጁም ይወዛወዛል።

በሻይ ሰዓት የብረት መቁረጫው ጩኸት ጸጥ ሲል፣ እናቴ እጇን ከዕቃ ማጠቢያው አውጥታ ታደርቃለች። ቀና ብላ ታያለች። ከዚያ ምን ልታደርግ እንደነበር ይጠፋባታል። አንድ ቀን እጇን አንስታ ለሸራው ስትመልስለት በበሩ በኩል አየኋት፤ ወደ ኋላዬ ተመልሼ፣ ገና አሁን እንደምገባ ሰው ኮቴዬን እያሰማሁ ገባሁ። እስከ ዛሬ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም። በፓርኩ ውስጥ የሙታን ቤት የሚባል መዝናኛ እያስገነቡ እንደሆነ ከማስታወቂያዎ አንብቤያለሁ። ባይደክሙ ጥሩ ነበር፤ እኛ ቤት ተሠርቶ አልቋል።

፬. ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። መዝገቡ የጸሐፊ ስህተት መስሎኝ ነበር። ስህተት ያለበት መዝገብ ማስረጃ ሲቀርብለት ይታረማል ብለው ስላስተማሩኝ፣ የረቡዕ ጠዋቱን ፎቶ ፎቶ ቤት ወስጄ አስጎልቼ አሳተምኩና፣ የምረቃ ጫማዬን ተጫምቼ ቢሮዎ መጣሁ። ደስ የሚላችሁ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም፣ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል፣ በዚያው አቃፊ ውስጥ ሲቪዬንም አስገብቼ ነበር።

የመረጃ ክፍል ኃላፊዎ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፣ ውሃ አስመጡልኝ፣ የኔ እህት እያሉ አጽናኑኝ። ስልክሽን ክፈቺልኝ፣ ዋናውን እንገልብጠው አሉኝ፤ ከፍቼ ሰጠኋቸው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስልኬን እንደ ታጠበ ብርጭቆ ንጹህ አድርገው መለሱልኝ። የአራት ወር ፎቶ አንድ አልቀረም። ምርቃት እንዲሆን ነው መሰል፣ አጎቴ የጎረቤት ከረባት ተውሶ ከጎኔ የቆመባቸው የምረቃዬ ፎቶዎችም አብረው ሄደዋል። የታተመውን ከፋይሉ ጋር እናያይዘዋለን ብለው አስቀሩት፤ በምትኩ የክልከላ ጥሰት ቅጽ ሰጥተው አስፈረሙኝ። ያላወቁት ነገር ቢኖር የፎቶ ቤቱ ሰውዬ የአጎቴን ነገር ስነግራቸው፣ አንዷ ለእናትሽ ትሁን ብለው ሁለት ማተማቸውን ነው።

፭. ከዚያ ሥራው መጣ። የግንባታ ምስል መዝጋቢ፤ በግቢው ውስጥ ፎቶ እንዲያነሳ የተፈቀደለት ብቸኛ ሰው። የራስ ቁር፣ ጫማና ፎቶዬ ያለበት መታወቂያ ይሰጠኛል። አልዋሽዎትም፣ ልቤ ዘለለ። ስምንት ወር ሙሉ በየቢሮው ደጃፍ እንደዋለ ሰው ነው የዘለለው። እናቴም ደብዳቤውን ካስነበበችኝ በኋላ፣ እሱ እንደሆነ በፎቶ አይመለስም፣ አንቺ ግን ሰው መሆን አለብሽ፣ ሂጂና ጀምሪ አለችኝ። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነበር፦ በእኔም ሆነ በቤተሰቤ እጅ የሚገኝ ማንኛውንም የግንባታ ምስል አስረክቤ፣ ሌላ እንደሌለን በፊርማዬ ማረጋገጥ።

ሳመነታ የመረጃ ክፍል ኃላፊዎ ደወሉልኝ። ድምፃቸው የሚያባብል ነበር። የኔ እህት፣ አሉኝ፣ ፎቶው እውነት ነው ካልን እኮ፣ አጎትሽ እዚያ የወጣው አንቺ እንድታነሺው ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ተብሎ እንዲጻፍ ትፈልጊያለሽ? ኃላፊዎ ይህችን በማግኘታቸው ብቻ ዕድገት ይገባቸዋል። ለማንም ያልነገርኩትን፣ ከዚያች ረቡዕ ጀምሮ ራሴን የምጠይቀውን ነገር ነው በስልክ መልሰው ያሰሙኝ። አንሺኝ ያለው እኔን ነው። እጁን ያነሳው ለእኔ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ወደ ኩሽና አልገባሁም፤ ሸራው ላይ ያለው ሰውዬ የሚያውቅብኝ ይመስለኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን እናቴን ፎቶውን አምጪልኝ አልኳት። ከአጎቴ ሸሚዞች ሥር አወጣችው። ያን ጊዜ እንደ እህቱ ልጅ ሳይሆን ተምሬዋለሁ እንደምለው ሙያ አየሁት። አጎቴ ትንኝ አይመስልም፤ ጥርሱ ይታያል። ከእግሩ ሥር የብየዳው ገመድ አለ፤ መሬት ላይ ካለው ማሽን ተነስቶ ምሰሶውን ይዞ ይወጣል፣ ሦስት ቦታ ላይም ታስሯል። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ያን ገመድ ሽቅብ መሳብ የግማሽ ጠዋት ሥራ ነው፤ ከታች የሚያቀብል፣ ማሽኑን የሚያበራ ሰውም ይፈልጋል። ለፎቶ ብሎ የወጣ ሰው ይህን ሁሉ አይጎትትም። ሥራ ታዞ ነው የወጣው። ወገቡ ላይ ቀበቶ የለም፤ ከኋላውም መከለያ ብረት የለም፤ ሰማይ ብቻ ነው ያለው።

ከጉልበቱ አጠገብ ደግሞ ሁለቱ ብረቶች የሚገናኙበት መጋጠሚያ አለ። ግራው ተበይዶ አልቋል። ቀኙ ገና ነው፤ ሦስት ቦታ ላይ በነጥብ ብየዳ ለጊዜው ብቻ ተይዟል። ከሻይ በኋላ ሊጨርሰው ነበር። ከሻይ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

አጎቴ በወደቀ በማግስቱ ቤታችን በሰው ተሞልቶ ሳለ እኔ ከመስኮቱ አልተነሳሁም። ቀለም ቀቢዎች ወጥተው መጋጠሚያውን ቀይ ሲቀቡት በዓይኔ አይቻለሁ። የብየዳ ብርሃን ዓይን ቢጨፍኑት እንኳ ይታወቃል፤ ያን ቀን ሙሉ አራተኛው ምሰሶ ላይ ብልጭ ያለ ነገር አልነበረም። ከዚያ ሸራው ተሰቀለ።

እንግዲህ ግራ የገባኝን ልጠይቅዎ። መዝገብዎ እውነት ከሆነ አጎቴ እዚያ ስላልነበረ ያን መጋጠሚያ የበየደው ማን ነው? መዝገብዎ እውነት ካልሆነ ደግሞ የበየደው አጎቴ ነው፤ ከመውደቁ በፊት ጨርሶት ነበር? እኔ አላውቅም። እርስዎም አያውቁም። የሚያውቀው ሰው፣ በመዝገብዎ መሠረት፣ በሩ አጠገብ ነበር። ባቡሩ ሰው ጭኖ ሲያልፍበት ብረቱ ምን እንደሚል ግን መዝገብ አይወስንለትም።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት መልሴን እነሆ። ሥራውን አልቀበልም። ሌላ ምስል የለንም የሚለውን ማረጋገጫም አልፈርምም። መጋጠሚያውን ለእናቴ በጣቴ ሳሳያት ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አየችው፤ ከዚያ መነጽሯን አውልቃ፣ በይ ጻፊ፣ እኔም እፈርምበታለሁ አለች። ፎቶው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል፤ ቅጂው ለሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪዎች ደርሷል፤ ይህን ያነበበ ሁሉም አይቶታል። ማስታወቂያዎን በድጋሚ በመጣሴ የጥበቃ ሠራተኛውን ልከው ያስፈርሙኝ፤ ከምሳ በኋላ ሁልጊዜ ቤት ነኝ፣ ሥራ የለኝም።

ለግንባታዎ ፍጻሜ፣ ለመዝገብዎ ጥራት፣ ከሁሉም በላይ ለምሰሶዎችዎ ጽናት ዘወትር የሚጨነቁ፣ የእርስዎን ቸርነት እያሰቡ ከመስኮታቸው የማይርቁ፣

የበያጁ እህት እና የበያጁ የእህት ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ከቅጥር ደብዳቤው ጋር ለፓርኩ ምረቃ ዕለት ሦስት የነጻ ትኬት ልከውልናል፤ ሦስቱም የባቡሩ የፊት ወንበር ናቸው። ሁለት ሰዎች ሆነን ሳለ ለምን ሦስት እንደሆነ ብንጠይቅ፣ ትኬት ክፍሉ በዝርዝሩ መሠረት አጎቴ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ እንዳለ ነገረን። ትኬቶቹን እዚሁ አያይዤ መልሻለሁ። አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለመረጃ ክፍል ኃላፊዎ፣ አንዱ መዝገቡን ለጻፈው ባለሙያ ይሁን፤ ምሰሶውን ሳያስመረምሩ ለሰው ልጆች የሚከፍቱት ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ዙር ሦስታችሁ ብቻችሁን ሂዱልን።