ረቡዕ ጠዋት ዝም የሚለው ሬዲዮ

ሰኞ፣ መስከረም 30

ዛሬም ዝናብ። ከባጃጅ ወርጄ ስቱዲዮ ስገባ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ። ቀንዓ ማታ ሥርጭቱን ዘግቶ ሲወጣ ጠረጴዛውን ወልውሎ ነው የሄደው። ሥርዓት ያለው ሰው ነው። እኔ ጠዋት፣ እሱ ማታ፤ ሁለት ዓመት አንድ ወንበር ስንቀባበል ክፉ ቃል አልተነጋገርንም። ሊረከበኝ ሲመጣ ሁሌ "አካም ኦልቴ፣ ማሂዬ?" ነው፣ በኦሮምኛ እንዴት ዋልሽ ማለቱ።

ሥራ አስኪያጃችን ኦቦ ኢዶሳ ማስታወቂያ ለጥፈዋል። የዋና ቴክኒሺያንነቱ ቦታ ክፍት ሆኗል። ተመዘገብኩ። ቀንዓም። ሌላ የለም፣ ሁለታችን ብቻ…

የስቱዲዮው ኮምፒውተር ኢንተርኔት ገብቶለታል። እኛም ዘመንን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 2

አበሳዬን አየሁ። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ሬዲዮው ዝም አለ። ዘፈኑንም ማስታወቂያውንም የሚያጫውተው ኮምፒውተር በራሱ ጠፍቶ በራሱ ሊነሣ ሲል ደረስኩበት። ደንግጬ ገመዱን ነቀልኩና መልሼ ሰካሁ። ስድስት ደቂቃ ሙሉ ምንም!

ስልኩ አላርፍ አለ። "ማን ዘጋችሁ?" ይላል አንዱ ከጉደር። "መንገድ ተዘጋ እንዴ?" ትላለች ሌላዋ። በዚህ ሰላም በጠፋበት ጊዜ ሬዲዮ ዝም ካለ ሰው የሚያስበው ሌላ ነው።

ኦቦ ኢዶሳ መጡ። "ምን ነካሽ?"

"ምንም አልነካሁም።"

"ታዲያ በራሱ ነው የጠፋው?"



ሐሙስ፣ ጥቅምት 3

ለቀንዓ ነገርኩት። ሳቀ። "መብራት ሄዶ ይሆናል" አለ። መብራት አልሄደም። ለምን ሳቀ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 30

ደገመው። አንድ ሰዓት ከሃያ። አስተዋዋቂያችን ሮዛ ትናንት አንብባ የቀዳችው የሞት ማስታወቂያ እየተላለፈ ነበር። የሟች ስም ተነግሮ የቀብሩ ሰዓት ሊነገር ሲል… ቀጥ። እንደገና ገመዱን ነቀልኩ። ሲመለስ ወደ ቀጣዩ ዘፈን ገባ። ማስታወቂያውን መድገም ጨርሶ ከራሴ ወጣ።

አርብ፣ ኅዳር 2

አንዲት ሴት ቢሮ ድረስ መጣች። ወይዘሮ አመለሸጋ ትባላለች። የሟች እህት ናት።

"የወንድሜን ስም ሰማሁ። ሰዓቱን ስጠብቅ ዝም አላችሁ። እንደ አገራችን ልማድ ዘጠኝ ሰዓት ነው ብዬ… ስደርስ አፈር ለብሷል።"

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 3

እናስብ እስቲ። ሁለቱም ረቡዕ። ሁለቱም በእኔ ሰዓት። በእሱ ሰዓት አንድም ቀን የለም። ከእኔ በፊት ማሽኑን ብቻውን የሚያገኘው ማነው? ቦታውን የሚፈልገውስ ማነው?

ሮዛን ስለ ቀንዓ ቀስ ብዬ ጠየቅኳት። "ማክሰኞ ማታ ቶሎ አልወጣም፣ ኪቦርዱ ላይ አቀርቅሮ ነበር" አለችኝ። ማክሰኞ ማታ! እኮ!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6

ለኦቦ ኢዶሳ ነገርኩ። "እርግጠኛ ነሽ?" አሉ። አዎ አልኩ። አዎ ስል ድምፄ ትንሽ ቀጠነ መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ሦስታችን ተቀመጥን። ኦቦ ኢዶሳ ሁሉንም ዘረዘሩለት። ቀንዓ "እኔ ስወጣ ደህና ነበር" አለ። በቃ። ንጹሕ ሰው እንዲህ ነው የሚለው? አይከራከርም? አይቆጣም?

ስንወጣ በሩን ያዘልኝ። ቀና ብዬ አላየሁትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13

የቀንዓ የዝውውር ደብዳቤ ወጣ። ሩቅ ካቺሲ፣ የማሰራጫውን ምሰሶ ሊጠብቅ። ሚስቱ ሃቦኔ አራስ ናት። የልጁ ክርስትና ሊደርስ ሳምንት ነው የቀረው አሉ። እኔ አልተጠራሁም።

የኮምፒውተሩን ምስጢር ቁጥር ቀየርኩ። የስቱዲዮው ቁልፍም እኔ ጋ ነው። ጠዋትም ማታም እኔው እሠራለሁ። ያደክማል፣ ግን እፎይ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 5

አንድ ሰዓት ከአሥር። ጠፋ።

ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ። ምስጢር ቁጥሩን የማውቀው እኔ ብቻ። ቀንዓ ካቺሲ።

ሮዛን "ማይኩን ክፈቺና የመጣልሽን አውሪ" አልኳት። እኔ ዛሬ ገመድ አልነቀልኩም። ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ። አንዲት ክብ ነገር ትዞራለች። ከሥሯ ጽሑፍ አለ፦ አፕዴት እየተጫነ ነው፣ ኮምፒውተሩን እንዳታጠፉ። ሁለቱንም ጊዜ ይህን ሳላነብ ነው የነቀልኩት…

ሲነሣ ገብቼ የማሽኑን መዝገብ ፈለግኩ። ሁሉም አለ። ጥቅምት 2፣ ጥቅምት 30፣ ዛሬ። በወር አንድ ማክሰኞ ማታ አዲስ አፕዴት ይወጣል፤ ማሽኑ ጠዋት ስናበራው በኢንተርኔት ያወርድና ሪስታርት የሚያደርግበትን ሰዓት ይጠብቃል። የሥራ ሰዓት ተብሎ የተሞላው ከጠዋቱ ሁለት እስከ አሥራ አንድ ነው። የቢሮ ሰዓት! እኛ የምንጀምረው አሥራ ሁለት ላይ። ማሽኑ ሰው ሥራ ያልገባ መስሎት ነው የሚጠፋው።

ማስተካከሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። የሥራ ሰዓቱ ከሥርጭታችን በፊት እንዲጀምር፣ ከሥርጭታችን በኋላ እንዲያበቃ አደረግኩ። አፕዴቱ ሳይጠየቅ እንዳይጫን አገድኩ። እሑድ ሥርጭት ስንዘጋ በእጄ እጭነዋለሁ።

አምስት ደቂቃ። እሱን ካቺሲ የላክሁበት ነገር።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 6

ለኦቦ ኢዶሳ ተናገርኩ።  እሳቸውም፣ "ደብዳቤው ወጥቷል እኮ። ማሽን አሞኘን ብለን እንጻፍ?"

"እኔ እጽፋለሁ" አልኩ። ጻፍኩ። በስሜ፣ በፊርማዬ፤ ሳላይ ከሰስኩት ብዬ። ለዋና ቴክኒሺያንነቱ የተመዘገብኩትንም ሰረዝኩ።

ሮዛ ስትሰማ ፊቷን ያዘች። "ያን ማክሰኞ እኮ የልጁን ፎቶ በስልኩ እያየ ነበር። አንቺ አልጠየቅሽኝም፣ እኔም አልነገርኩሽ።"

እሑድ፣ ታኅሣሥ 9

ካቺሲ ሄድኩ። በስልክ የሚባል አይደለም። ምሰሶው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከስቶ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ማሽኑንም፣ ደብዳቤዬንም። አላቋረጠኝም።

"ሁለት ዓመት በየቀኑ እንገናኝ ነበር" አለ። "'ቀንዓ፣ አንተ ነህ?' ማለት ይህን ያህል ከበደ?"

 አጠገባችን ካለችው ሻይ ቤት ሻይ አዘዘልኝና ሒሳቡን ከፍሎ ተነሣ።

ረቡዕ፣ ጥር 3

ትናንት አፕዴት ወጥቷል። ዛሬ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ዓይኔን ከስክሪኑ አልነቀልኩም። ምንም። ሮዛ የሞት ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አሰማች፣ ከነቀብሩ ሰዓት።

ሰኞ፣ ጥር 15

ቀንዓ ተመለሰ። ዋና ቴክኒሺያን ሆኖ። ይገባዋል። እንኳን ደስ አለህ አልኩት፣ አመሰገነኝ።

ሊረከበኝ ሲገባ "ደህና ዋልሽ" አለኝ። በአማርኛ። አዲስ ቅጽ አሳትሟል፦ ማሽኑ በምን ሁኔታ እንዳለ፣ ማን እንዳስረከበ፣ ማን እንደተረከበ፣ ሰዓት፣ ፊርማ። እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ።

ማሽኑን ነው ወይስ…? ያኔ ከመክሰሴ በፊት አልጠየቅኩም። ዛሬ ጠየቅኩት።

"ቀንዓ፣ የምትጠራጠረው ማሽኑን ነው ወይስ እኔን?"

"ማሽኑማ ተስተካክሏል" አለ።

ፈረምኩ።